ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል የት የት ይቆረጣል?

ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል በሁለት መንገድ ይከፈላል። አንደኛው በድምፅ ነው። የሚገኘው ክፍል ቀለም ይባላል። ሌላው በትርጉም ነው። እዚህ የሚወጡት ስርና ቅጥያዎች ናቸው።

ሁለቱን መደባለቅ የተለመደ ነው። ሄሊኮፕተርን እንይ። በድምፅ ሄ-ሊ-ኮፕ-ተር፣ አራት ቀለም ነው። በትርጉም ግን ሄሊኮ እና ፕተር ነው። ሁለቱም ከግሪክኛ የመጡ ናቸው፤ ጠመዝማዛ እና ክንፍ። ኮፕ የሚለው ቀለም ከሁለቱም ስሮች ተቆርሶ የተሠራ ነው፤ ለብቻው ምንም ትርጉም የለውም።

ቀለም የሚቆጠረው በሚሰማው አናባቢ እንጂ በፊደል ብዛት አይደለም። ስትሬንግዝ (ጥንካሬ) በእንግሊዝኛ 8 ፊደል ነው፣ ቀለሙ ግን አንድ ብቻ! እኛ ከፊቱ እ ጨምረን እስትሬንግዝ ስንለው ቀለም እየጨመርንበት ነው።

የት ይቆረጥ የሚለው ክርክር የቆየ ነው። አሜሪካዊው ኖህ ዌብስተር በ1783 እ.ኤ.አ. የልጆች የፊደል መማሪያ አሳተመ። የቀድሞዎቹ መማሪያዎች ክላስተርን ክላ ላይ ቆርጠው ስተርን ለብቻው ይተዉ ነበር። ዌብስተር ክላስ-ተር ይሁን አለ፤ ልጁ እንደሚናገረው እንዲያነብ። በእኔ እይታ ትክክል ነበር።

አሜሪካኖች ዛሬም በመስመር መጨረሻ ላይ ቃል ሲቆርጡ አነባበቡን ያስቀድማሉ። እንግሊዞች በልማድ የቃሉን አመጣጥ ያያሉ። ስለዚህ ፎቶግራፈር አሜሪካ ውስጥ ፎ-ቶግ-ራ-ፈር ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ ፎቶ-ግራፈር ተብሎ ሊቆረጥ ይችላል።

ለማንበብ የድምፁ፣ ለመረዳት የትርጉሙ አከፋፈል ይጠቅማል። በ1935 ኤቨረት ስሚዝ የተባለ የእንቆቅልሽ አፍቃሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆን ብሎ የፈጠረው 45 ፊደል ያለው የበሽታ ስም አለ። ኒሞኖ-አልትራ-ማይክሮስኮፒክ-ሲሊኮ-ቮልካኖ-ኮኒዮሲስ። ቀለሙን ብንቆጥር 19 ነው፣ ምላስ ያደክማል። በትርጉም ከፍለን ስናየው ግን ሳንባ፣ እጅግ በጣም ደቃቅ፣ ሲሊካ፣ እሳተ ገሞራ፣ የአቧራ በሽታ ይለናል። መዝገበ ቃላት መክፈት ሳያስፈልግ ነገሩ ገባን ማለት ነው።

ኮምፒውተርም ይህን ሥራ ይሠራል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፍራንክ ሊያንግ በ1983 ያቀረበው ዘዴ ቴክ በተባለው የኅትመት ሶፍትዌር ውስጥ ገብቷል። ቃሉን አይረዳም፤ የፊደላቱን አደራደር አይቶ መቁረጫውን ይገምታል። የሚቸገረው እንደ ሪኮርድ ባሉ ቃላት ነው። በእንግሊዝኛ ስም ሲሆን ሬክ-ኦርድ፣ ግስ ሲሆን ሪ-ኮርድ ተብሎ ይቆረጣል፤ አጻጻፉ ግን አንድ ነው።