የካንሰር «ደረጃ» ምንድን ነው?

የአክስቴን የጡት ናሙና ውጤት ተቀብሎ የወጣው ታናሽ ወንድሜ ነበር። ሐዋሳ ውስጥ ባጃጅ ላይ እንደተቀመጠ ወረቀቱን ገልጦ እንግሊዝኛውን ሲያነብ «ግሬድ 3» የሚል አየና ደወለልኝ። «ሦስተኛ ደረጃ ደርሷል። ለእትዬ ማን ነው የሚነግራት?» ማታውን ዘመድ ተሰብስቦ በየጥጉ ሲንሾካሾክ፣ እትዬ ጀበናዋን እየጣደች «ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አለች። ማንም አልመለሰላትም።

በሳምንቱ የካንሰር ሐኪሟ ዘንድ ስንቀርብ የተነገረን ደረጃ ሁለት ነው። ወረቀቱ አልተሳሳተም፣ ሐኪሟም አልተሳሳተችም። የተሳሳትነው እኛ ነን። ትንሽ ደግሞ አማርኛችን ተባብሮብናል፤ «ደረጃ» ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል እንጠራለን።

ግሬድ የሚባለው በማይክሮስኮፕ ሲታዩ የካንሰሩ ሴሎች ከጤነኛው ሴል ምን ያህል ተለይተዋል የሚለው ነው። በጡት ካንሰር ከ1 እስከ 3 ይሰጣል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ሴሎቹ ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ዓይነት ናቸው ማለት ነው። ስቴጅ የሚባለውና እዚህ «ደረጃ» የምለው ደግሞ በሽታው በሰውነት ውስጥ የት ድረስ ሄዷል የሚለው ነው። አንደኛው የሌባው ዓመል ነው፤ ሁለተኛው ሌባው ገና አጥር ላይ ነው ወይስ ጓዳ ገብቷል የሚለው ነው። ክፉ ዓመል ያለው ሌባ አጥር ላይ ሊያዝ ይችላል። እንደ እትዬ ማለት ነው። ዓመሉም ለሕክምናው ይቆጠራል፤ ግን ከቁራጭ ናሙና ብቻ ደረጃ አይነበብም። አልትራሳውንድ፣ ሲቲ ስካን፣ አንዳንዴም የቀዶ ሕክምናው ውጤት ተደምሮበት ነው የሚታወቀው።

ደረጃ የሚሰላበትን መንገድ የጀመረው ፒየር ደኗ የተባለ ፈረንሳዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1943 እስከ 1952 ባሉት ዓመታት። ሦስት ፊደላት ናቸው። ቲ ዕጢውን ይለካል፦ በጡት ካንሰር እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ቲ1፣ ከዚያ በላይ እስከ 5 ከሆነ ቲ2፣ ከ5 ካለፈ ቲ3፤ ቆዳውን ወይም የደረት ግድግዳውን ከያዘ መጠኑ ምንም ይሁን ምን ቲ4። ኤን በአቅራቢያው ያሉ ንፍፊቶች፣ ለጡት ብብት ውስጥ ያሉት፣ ተነክተዋል ወይ ይላል። ኤም ወደ ሩቅ አካል፣ ወደ አጥንት፣ ጉበት፣ ሳንባ ወይም አንጎል ተሰራጭቷል ወይ ይላል። የእትዬ 3 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ ብብቷ ንጹሕ፣ ሩቅ ቦታም ምንም የለም። ሁለት የተባለው ከዚህ ተደምሮ ነው። ኤም 1 ከሆነ፣ ማለትም ሩቅ ከተሰራጨ ግን፣ የሌሎቹ ቁጥር ትንሽም ቢሆን ደረጃው አራት ነው። የደም ካንሰር የሚለካ ዕጢ ስለሌለው በዚህ መንገድ አይቆጠርም።

ሰው ደረጃን እንደ ትምህርት ቤት ክፍል ያየዋል፤ ዘንድሮ ሁለት፣ ለከርሞ ሦስት። እንደዚያ አይደለም። መጀመሪያ የተሰጠው ደረጃ እንዳለ ይቆያል፤ በሽታው ከዓመታት በኋላ ቢመለስ እንኳ «ሁለት የነበረና የተመለሰ» ይባላል እንጂ መዝገቡ ላይ ያለው አይፋቅም። የቀረ ዕድሜ መቁጠሪያም አይደለም። የሚጠቅመው ለሕክምናው ነው፤ ቀጥሎ ምን ይደረግ የሚለውን ይወስናል።

ያም ቢሆን ቁጥሩ አንድ ሆኖ መንገዱ ሊለያይ ይችላል። የማህፀን በር ካንሰር ከጡት ካንሰር ጋር በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚታይ ነው፤ በመጀመሪያው ላይ ከተገኘ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፣ አልፎ ሲሄድ ግን ቢላው ይቀርና ጨረርና ኬሞ (ካንሰር የሚገድለው መድኃኒት) አንድ ላይ ይሰጣሉ። በጡት ላይ ደግሞ ኬሞው ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚታዘዝበት ጊዜ አለ፤ ዕጢው እንዲያንስ ነው። ይህን የሰማ ቤተሰብ ወዲያው «ለቢላ አትሆንም አሏት» ብሎ ያለቅሳል። አራተኛ ደረጃም ቢሆን በሽታውን የሚይዝ፣ ሕመምን የሚያስታግስ ሕክምና አለው፤ በአፍ የሚወሰደው ሞርፊን በሐኪም እጅ እስከታዘዘ ድረስ የሚያስፈራ ነገር አይደለም።

ምርጫ ያለበት ቦታም አለ። ገና ባልገፋ የጡት ካንሰር ዕጢውን ብቻ አውጥቶ ጨረር መጨመርና ጡቱን በሙሉ ማውጣት በሕይወት ለመቆየት እኩል ናቸው። ልዩነቱ ኑሮ ላይ ነው። ጨረሩ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለሳምንታት መመላለስ ይጠይቃል። ከአለታ ወንዶ ለምትመጣ እናት ጥያቄው «ጡቴን ላትርፈው?» ከመሆኑ በፊት «ማን ቤት ላርፍ?» ነው። ሙሉው ሲወጣም ጨረር የሚያስፈልግበት ጊዜ ስላለ፣ ከመወሰን በፊት ይህን መጠየቅ ነው። እትዬ በሙሉ ይውጣ አለች። ከዚያ ስምንት ዙር ኬሞ ታዘዘላት፣ በየ21 ቀኑ።

ኬሞ የሚገድለው ቶሎ የሚባዛን ሴል ነው። ችግሩ ካንሰሩ ብቻ አይደለም ቶሎ የሚባዛው፤ የፀጉር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ሽፋን፣ ደም የሚሠራው መቅኔም እንደዚያው ናቸው። ከጎንዮሽ ጉዳቱ ብዙው ከዚህ ይመጣል። ፀጉሯ ከሁለት ሳምንት በኋላ ትራስ ላይ መቅረት ሲጀምር ተላጨችው፤ ጎረቤት ሻሽ አስራ ሲያያት ሐዘን መስሎት «ማን ሞቶባት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ተመልሶ ይበቅላል፣ በቅሏልም። ቀዩ መድኃኒት፣ ዶክሶሩቢሲን የሚባለው፣ ሽንትን አንድ ሁለት ቀን ያቀላዋል፤ ደም አይደለም፣ ቀለሙ ነው።

ለማቅለሽለሹ የታዘዘው ክኒን ሳያስመልስ በፊት፣ በሰዓቱ የሚዋጥ ነው፤ ካስመለሰ በኋላ መፈለግ የሄደ አውቶቡስ መከተል ነው። እትዬን ክፉኛ ያስቸገራት የቁሌት ሽታ ነበር። ሽንኩርቱ ሌላ ቤት ይቁላላ ተባለ፤ ቡናም ግቢ ውስጥ ተቆላ። ቀዝቃዛና ሽታ የሌለው ምግብ በጥቂት በጥቂቱ ይሻላታል። አፏ ሲቆስል ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጨውና ቤኪንግ ሶዳ በጥብጣ ትጉመጠመጥ ነበር፤ ዳጣ ለጊዜው ከማዕዱ ተነሣ። ለሐዋሳ ልጅ ቀላል ቅጣት አይደለም።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ነጭ የደም ሴል የሚወርድበት ጊዜ ነው፤ ከኬሞው በኋላ ከሰባተኛው እስከ ዐሥራ አራተኛው ቀን አካባቢ። በሽታ የሚከላከለው ወታደር የሚያንሰው ያኔ ነው። በእነዚያ ቀናት ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተት፣ በሐዋሳው የዓሣ ገበያ፣ በአሞራ ገደል፣ የሚበላው ጥሬ ዓሣ አይነካም፤ ግርግር ያለበት ቦታም አይኬድም። ቤት ውስጥ ቴርሞሜትር ይኑር። 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። እኛ ጋ ወገቡ የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው፤ ትኩሳት ሲመጣ አንዱ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ይጨምቃል፣ ሌላው «ወባ ነው» ይላል፣ ሦስተኛው ፓራሲታሞል ሰጥቶ እስኪነጋ ይጠብቃል። ፓራሲታሞሉ ትኩሳቱን ሲደብቀው ኢንፌክሽኑ ደም ውስጥ ይሰራጫል። ወባም ከሆነ ይመረመራል፤ በሩ ላይ መጀመሪያ የሚባለው ግን «ኬሞ ላይ ነኝ» ነው።

ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ደም የሚመረመረውም ለዚሁ ነው። አራተኛው ዙር በአንድ ሳምንት ሲገፋባት ቤተሰቡ እንደገና ሹክሹክታ ጀመረ። በሽታው ብሶ አይደለም፤ ደሟ ገና ስላልተመለሰ ነበር።

ኋላ ላይ የተቀየረው መድኃኒት፣ ፓክሊታክሰል፣ ጣቶቿን አደነዘዘው። ይህ ሲሆን ለሐኪም መንገር እንጂ መቻል ጀግንነት አይደለም፤ መጠኑ ሊቀነስ ይችላል። እስከዚያው ጀበናውን ከእሳት ላይ ሌላ ሰው ያወርድ፣ ባዶ እግር መሄድም ይቅር። ጾሙን የነፍስ አባቷ ራሳቸው ፈቱላት፤ ጸሎቱም ጠበሉም አልተቋረጠም፣ ኬሞውም አልተቋረጠም። ሰው ያመጣላትን የሽፈራው ዱቄት ግን ለሐኪሟ ሳታሳይ አልቀመሰችም።

የመጨረሻው ዙር ያለቀ ቀን ሐኪሟ የሚጠየቅ ነገር ካለ ስትል፣ እኛ ስለ ምርመራው ልንጠይቅ ወረቀት ስናወጣ እትዬ ቀደመችን።

«አሞራ ገደል መቼ ነው የምሄደው?»

«ለጥሬው ዓሣ፣ ደምሽ እስኪስተካከል ትታገሺያለሽ» አለቻት ሐኪሟ እየሳቀች። «ሾርባውን ግን፣ እናቴ፣ ዛሬም ይቻላል።»