የፒቶት ቱቦና የስታቲክ ቀዳዳ አቀማመጥ በግል በሚገጣጠሙ አውሮፕላኖች ላይ

የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ የሚሠራው በግፊት ነው። ፒቶት ቱቦ ፊት ለፊት የሚመጣውን አየር ተቀብሎ ጠቅላላ ግፊቱን ይወስዳል። ስታቲክ ቀዳዳ ደግሞ የአካባቢውን አየር ግፊት፣ የበረራው ነፋስ ሳይጨመርበት፣ ለመያዝ ይሞክራል። የሁለቱ ልዩነት ፍጥነት ሆኖ ይነበባል። ልዩነቱ ታዲያ ኢምንት ነው፤ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ኖት (በሰዓት 185 ኪሎ ሜትር ገደማ) 1,600 ፓስካል ገደማ፣ በ50 ኖት ደግሞ 400 ብቻ። የከባቢው አየር ግፊት ራሱ ከ101,000 ፓስካል በላይ መሆኑ ሲታሰብ ትንሽ ስህተት ለምን እንደሚጎላ ግልጽ ነው።

ፒቶቱ ብዙም አያስቸግርም። ከፕሮፔለሩ ነፋስ ይራቅ እንጂ ጥቂት ዲግሪ ቢያዘነብልም በደንብ ያነባል። አብዛኛውን ጊዜ ክንፍ ሥር ይሰቀላል። ፕሮፔለሩ ከኋላ በሆነው ሎንግ-ኢዚ በሚባለው አውሮፕላን ግን አፍንጫው ላይ ነው።

ራስ ምታቱ ስታቲኩ ነው። በአውሮፕላኑ ገላ ላይ ግፊቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አፍንጫ ላይ ከፍ ይላል፣ ካኖፒው (የአብራሪው መስታወት ሽፋን) አካባቢ ይወርዳል፣ ወደ ጅራት ሲጠጋ መልሶ ይወጣል። ትክክለኛው ግፊት የሚገኘው በጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው። የተለመደው ምርጫ ከክንፉ ኋላና ከጅራቱ ፊት ያለው ጎን ነው። አውሮፕላኑ ወደ ጎን ሲንሸራተት ስህተቱ እንዲጣፋ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ቀዳዳ ተበጅቶ በቱቦ ይገናኛሉ።

የቀዳዳው ቅርጽም ዋጋ አለው። የቫንስ አርቪ አውሮፕላኖች ዕቅድ እዚህ ላይ ራሱ ጉብ ያለ ሪቬት (የቆርቆሮ ማያያዣ ምስማር) ያዛል። ሠሪው ለማሳመር ብሎ ከቆርቆሮው ጋር እኩል በሆነ ከተካው ንባቡ ይዛባል። እንዲህ ያለ ስህተት ሲገኝ ቆርቆሮ መቅደድ አያስፈልግም። ከቀዳዳው ኋላ ቀጭን ጠርዝ ሲለጠፍ ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ከፊቱ ሲለጠፍ ይቀንሳል።

አንዳንዱ የስታቲኩን ቱቦ ኮክፒት (የአብራሪው ክፍል) ውስጥ ክፍት ይተወዋል። ሥራ ያቀላል፣ ግን አይመከርም። የኮክፒት ግፊት ብዙ ጊዜ ከውጭው ያንሳል፤ የከፍታ መለኪያውም የሚያነበው ከስታቲኩ ስለሆነ ፍጥነትም ከፍታም ከእውነተኛው በልጦ ይነበባል። ለማረፍ በዝግታ ለሚበር አብራሪ ይሄ መጥፎ ውሸት ነው።

ፍተሻው የሚጀመረው አየር የሚያሾልክ መገጣጠሚያ በመፈለግ ነው። ቀጥሎ በአንድ ከፍታና ፍጥነት በተለያዩ አቅጣጫዎች እየተበረረ የጂፒኤስ ፍጥነት ይመዘገባል። የነፋሱ ተጽዕኖ በስሌት ይወጣና ቀሪው ከመለኪያው ጋር ይነጻጸራል።

መደፈንም አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 189 ሰዎች ያለቁበት የበርገንኤር ቦይንግ 757 አደጋ መነሻ የተደፈነ ፒቶት ነበር፤ የተጠረጠረውም የተርብ ጎጆ ነው። በዚያው ዓመት በኤሮፔሩ አውሮፕላን ላይ ለእጥበት ስታቲክ ቀዳዳዎቹ ላይ የተለጠፈ ፕላስተር ሳይነሳ ቀርቶ 70 ሰዎች ሞቱ። ስለዚህ ቆሞ ሲያድር ፒቶቱ በደማቅ ቀለም ክዳን ይሸፈናል። በቱቦው ዝቅተኛ ቦታ ላይም የውሃ ማፍሰሻ ይገጠማል።