ዊዝድሮዋል ምንድን ነው?

ሰሞኑን ብዙ ተከታይ ያለው አንድ አስተያየት ሰጪ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሰጠውን ምክር ሰዎች ሲቀባበሉት አየሁ። ቤተሰባችሁ ችግር ላይ ቢወድቅ ዊዝድሮዋል፣ ማለትም ትምህርትን በይፋ ለጊዜው የማቋረጫ ቅጽ፣ እንዳትሞሉ ይላል። የሞላ ሰው እንደተባረረ ይቆጠራል፣ የወጪ መጋራቱንም ገንዘብ (ከትምህርቱ ወጪ ተማሪው የሚሸፍነውን ድርሻ) በር ላይ ይጠየቃል፤ ስለዚህ ዝም ብላችሁ ሂዱና ነገሩ ሲረጋጋ ተመለሱ ነው ነገሩ። ይህን ዓይነት ምክር ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም፤ የዚህኛው ግን ልበ ሙሉነቱ አናደደኝ። በሬጅስትራር፣ የተማሪዎች ምዝገባና ውጤት በሚያዝበት ክፍል፣ ለዓመታት ሠርቻለሁ። መስኮቱ ላይ ቆመው ሲያለቅሱ የማውቃቸው ተማሪዎች ቅጹን የሞሉት ሳይሆኑ ዝም ብለው የሄዱት ናቸው።

ዊዝድሮዋል ማለት ተማሪው ራሱ ጠይቆ፣ ምክንያቱን በማስረጃ አስደግፎ፣ የትምህርት ክፍሉና ዲኑ ፈርመውበት፣ ክሊራንስ (የግቢው ንብረት በእጁ አለመኖሩን የሚያረጋግጥ ወረቀት) ጨርሶ ለጊዜው የሚወጣበት መንገድ ነው። በዚያ ሴሚስተር የተመዘገበባቸው ኮርሶች ላይ ደብልዩ (W)፣ ማለትም አቋርጧል የሚል ምልክት፣ ይጻፋል፤ ደብልዩ ከነጥብ ስሌት ውስጥ አይገባም። ዝም ብሎ የሄደው ተማሪ ስም ግን በመምህሩ ዝርዝር ላይ እንዳለ ይቆያል። ፈተና ላይ ሲጠፋ ኤንጂ (NG)፣ ማለትም ውጤት የለውም የሚል ምልክት፣ ይመዘገብበታል፤ በጊዜው ያልታረመ ኤንጂ ደግሞ ወደ ኤፍ ይለወጣል። አምስት ስድስት ኤፍ የታቀፈ ትራንስክሪፕት ይዞ ሲመለስ አባቱ በዚያ ወቅት መሞታቸውን የሚናገር አንድም መስመር ወረቀቱ ላይ አይኖርም። እንግዲህ የተባረረው ማንኛው ነው?

ለጎጃም ሰው ነገሩን በማሳ ማስረዳት ይቀለኛል። በሬው የሞተበት ወይም ጉልበት ያጣ ገበሬ አንድ ማሳ ጦሙን ሊያድር ይችላል። ማሳው ጦሙን አደረ ማለት የሌላ ሰው ሆነ ማለት አይደለም፤ የይዞታ ደብተሩ እቤት አለ፣ ወሰኑን ጎረቤት ያውቀዋል። ዊዝድሮዋል ያ ደብተር ነው። ሳይናገር አገር ጥሎ የሄደ ሰው ማሳ ግን ወሰኑ በየክረምቱ በጎረቤት ሞፈር ይሸራረፋል፤ ሲመለስ ክርክሩ ከራሱ መሬት ላይ ይጀምራል። ምሳሌው ጊዜን በተመለከተም ይሠራል። የሐምሌን የጤፍ ዘር ያሳለፈ ገበሬ በኅዳር ልዝራ አይልም። በጥቅምት ወይም በኅዳር፣ ማለትም በመጀመሪያው ሴሚስተር መካከል የወጣ ተማሪም ብዙውን ጊዜ በየካቲት መግባት አይችልም፤ ያቋረጣቸው ኮርሶች የሚሰጡት በዓመት አንድ ጊዜ ስለሆነ የሚመለሰው በቀጣዩ ዓመት፣ ያው ሴሚስተር ሲከፈት ነው። ሦስት ወር አርፋለሁ ብሎ የወጣው ልጅ ዓመት የሚቆየው ለዚህ ነው፤ ይህን አስቀድሞ የሚነግረው ሰው ደግሞ አያገኝም። ምሳሌው የሚከዳኝ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ጦሙን ያደረ መሬት ጉልበት ይገዛል፣ ዓመት ያረፈ ካልኩለስ ግን ይረሳል።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ አስተያየት ሰጪው ትልቁን ፍርሃት የዘራው እዚህ ላይ ነው። በ1995 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቁጥር 91 የተጀመረው ወጪ መጋራት ተማሪው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲሸፍን ያደርጋል። አከፋፈሉ ግን ተመርቆ ገቢ ሲያገኝ፣ ቢያንስ ከወር ገቢው 10 በመቶ እየተቆረጠ ነው። መምህር ሆኖ እንዲያገለግል የተፈለገ ደግሞ በአገልግሎት ሊመልሰው ይችላል። ከቢቸና ስልክ ተደውሎለት እናቱን ለማስታመም የሚሮጥ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ደመወዝ የለው፤ ከምኑ ላይ ይቆረጥበታል? እስከ ወጣበት ቀን የበላውና የተኛበት በስሙ ተመዝግቦ ይቆያል፤ ሲመለስ ያንን ሴሚስተር እንደገና ስለሚማር ዕዳው በዚያ መጠን ያድጋል። ይህ እውነት ነው፤ ቅጹን ባለመሙላት ግን አይቀንስም። እንዲያውም ሳይናገር የሄደ ተማሪ አለ ተብሎ ሊቆጠር፣ ያልበላው ምግብ ሊታሰብበት ይችላል። ውሉ በየዓመቱ የሚሞላ በመሆኑ ስትወጡ የተጠቀማችሁበት ጊዜ ብቻ መመዝገቡን የወጪ መጋራት ክፍሉን ጠይቃችሁ በጽሑፍ ያዙ። ብዙዎች ይህን እርምጃ ይዘሉታል፤ የሚያስታውሱት ከዓመታት በኋላ ኦሪጅናል ዲግሪ ሊወስዱ ሲመጡ ነው።

በሌላ በኩል የሚቋረጠው ነገር በእርግጥ ይቋረጣል። መኝታ ክፍሉ ይለቀቃል፣ የካፌ መብቱ ያበቃል፣ ከካፌ ውጭ ተመጋቢ ከሆነም ወርኃዊ የምግብ ገንዘቡ ይቆማል። ከዚያ ገንዘብ ላይ ቆጥቦ ለቤቱ ሲልክ የነበረ ልጅ ካለ፣ እንዲህ ያለ ልጅ መኖሩን ደግሞ የመንደሩ ሰው ያውቃል፣ ውሳኔው ከባድ ነው። እንዲህ ላለው ተማሪ መጀመሪያ የምለው ከናካቴው መውጣት ያስፈልግህ እንደሆነ አጣራ ነው። ችግሩ የሁለት ሳምንት ከሆነ፣ ለምሳሌ ቀብሩና ሐዘኑ ከማጠቃለያ ፈተና ጋር ከተጋጨ፣ መፍትሔው ዊዝድሮዋል አይደለም። መምህሩና የትምህርት ክፍሉ ካወቁ «አይ» (I)፣ ማለትም ያልተሟላ የሚል ምልክት፣ ተይዞለት በኋላ ሊፈተን ይችላል። ዓመቱን ሙሉ የጣሉት ለቀብር ብለው የወጡና ለተዝካሩ የቆዩ፣ ከዚያ አጨዳው የደረሰባቸው ልጆች ናቸው። አጎት ወይም ታላቅ ወንድም «ይህችን አውድማ አንሳና ትሄዳለህ» ሲል እምቢ ማለት ቀላል አለመሆኑ አይጠፋኝም፤ ቢያንስ በዚያ ሳምንት አንድ ሰው ወደ ግቢ ይላክ። መንገድ ተዘግቶ ወይም፣ በ2016 ዓ.ም. እንዳየነው፣ ኢንተርኔት ተቋርጦ መድረስ ያልቻለም የቀበሌውን ደብዳቤ ያኔውኑ አጽፎ ቀኑን ያስይዝ። ከስድስት ወር በኋላ የተጻፈን ደብዳቤ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ አያምነውም።

የምናገረው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመደበኛው ፕሮግራም ስለሚማር የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ነው። የግል ኮሌጅ፣ የማታና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የራሱ ውል አለው። ቅጹ እስከ ስንተኛው ሳምንት እንደሚሞላና ስንት ዓመት ውጭ መቆየት እንደሚቻል ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ የሴኔት (የውስጥ) ሕግ የሌላው ይለያል፤ የባሕር ዳሩን ለደብረ ማርቆስ፣ የደብረ ማርቆሱን ለእንጅባራ አትጥቀሱ። ተመላሽ ከሚቀላቀለው ባች ጋር የመውጫ ፈተናውን መውሰዱም አይቀርም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ 50 በመቶ ያላመጣ አይመረቅም፤ በመካከል ሥርዓተ ትምህርቱ ከተለወጠ ደግሞ ያልወሰዳቸው ኮርሶች ይጠብቁታል።

አንድ ነገር ለአስተያየት ሰጪው እቀበልለታለሁ። ሬጅስትራር ቅጹን ይዞ የመጣን ተማሪ በጥርጣሬ ያያል። ይህ የሆነው ግን ነጥባቸው ወርዶ ዲስሚሳል (በውጤት መባረር) ሲሸታቸው ፈተና ሊገቡ ሦስት ቀን ሲቀር የቤተሰብ ችግር የሚፈጥሩ ስላሉ ነው። በእነርሱ ምክንያት እውነተኛው ሐዘንተኛ የሞት ማስረጃ፣ የሐኪም ወረቀትና የቀበሌ ማኅተም አምጣ እየተባለ ይመላለሳል። አሠራሩ ርኅራኄ ይጎድለዋል፤ ይህን እኔም ለአለቆቼ ስናገር ኖሬያለሁ። ደግሞም ዳግም ቅበላ ያለ ማመልከቻ አይመጣም። ምዝገባው ከመከፈቱ በፊት መጠየቅ አለበት፤ መልሱም በክፍሉ ቦታ መኖርና ተማሪው ሲወጣ በነበረው ነጥብ ላይ ይመሠረታል። ከመውጣቱ በፊት ነጥቡ ለማስጠንቀቂያ የደረሰ ተማሪ ሲመለስም ማስጠንቀቂያው ይጠብቀዋል፤ ደብልዩ ያቋረጠውን ሴሚስተር እንጂ ያለፈውን አይሰርዝለትም።