ቪንቴጅ ኮምፒውተር ምንድን ነው? የሱ ወዳጆች በበዓል ተሰብስበውስ ምን ይሰራሉ?

ቪንቴጅ ኮምፒውተር ማለት ዘመኑ ያለፈበት ግን ሰው ተንከባክቦ እንዲሰራ አድርጎ የያዘው ማሽን ነው። አሮጌ ብቻ ከሆነማ ጎንደር ውስጥ በየመስሪያ ቤቱ ስቶር ተቆልሎ ሞልቷል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1977 አፕል ቱ፣ በ1981 አይቢኤም ፒሲ፣ በ1982 ደግሞ ኮሞዶር 64 ወጡ፣ ኮሞዶር ላይ ያለው 64 የሚሞሪው መጠን ነው፣ 64 ኪሎባይት፣ ዛሬ በስልክ የምናነሳው አንድ ፎቶ እንኳን አይገባበትም ግን ስንቱ ሰው ፕሮግራም መጻፍ የጀመረው በሱ ነው።

አሜሪካ ኒው ጀርዚ ውስጥ ኢንፎኤጅ የሚባል የሙዚየም ግቢ አለ። ድሮ ካምፕ ኢቫንስ የተባለ የጦር ሰራዊት ምርምር ጣቢያ ነበር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1946 የራዳር ሞገድ ወደ ጨረቃ ልከው ነጥሮ ሲመለስ የተቀበሉት እዛ ነው። የቪንቴጅ ኮምፒውተር ፌዴሬሽን ሙዚየምም እዛው ግቢ ውስጥ ነው ያለው። እንደዚ አይነት ቦታ ላይ የድሮ ኮምፒውተር ወዳጆች በበዓል ሰሞን ሲሰባሰቡ ነገሩ ኤግዚቢሽን ብቻ አይደለም፣ ሁሉም የተበላሸበትን ይዞ ይመጣል፣ ትርፍ እቃ ያለው ለሌለው ይሰጣል፣ የሚያውቀው ላላወቀው ጠረጴዛ ላይ ፈቶ ያሳያል።

ለምሳሌ 386 ወይ 486 በሚባሉት የድሮ ኮምፒውተሮች ማዘርቦርድ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ሰዓቱን የምትይዝ በርሜል መሳይ ባትሪ አለች፣ ስታረጅ ታፈስና ዙሪያዋን አረንጓዴ ታደርገዋለች፣ ቶሎ ካልተነሳች የቦርዱን መስመር በልታ ትጨርሰዋለች። መጀመሪያ ባትሪዋን ቆርጦ ማውጣት፣ ከዛ በጥርስ ብሩሽ ትንሽ አቼቶ እየነከሩ መፈተግ (ፈሳሹ አልካላይን ስለሆነ አቼቶው ያረክሰዋል)፣ በመጨረሻ በአልኮል ጠርጎ በደንብ ማድረቅ። ሳይታይ ሶኬት ላይ መሰካት ግን በፍጹም! ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ በተለይ ፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ያለችውን ቀይ የቮልቴጅ መቀየሪያ እዩ፣ 115 ቮልት ላይ ሆና የኛን 220 ካገኘች ወዲያው ይቃጠላል።

እኔ ይሄ ነገር ጎንደር ላይ ቢጀመር በጣም ደስ ይለኛል፣ ከገና እስከ ጥምቀት ከአዲስ አበባም ከውጭም ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይመጣል፣ ከዛ የተሻለ ጊዜ የለም። እኛጋ ደግሞ ከመዝናናት ያለፈ ጥቅም አለው። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ውስጥ የገባው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1999 ነው፣ ከዛ በፊት ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ አጋፋሪ ምናምን የሚባሉት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች እያንዳንዱ በራሱ ኮድ ነበር የሚጽፈው፣ ስለዚህ በዛን ጊዜ የተተየበ የእድር ደንብ፣ የመመረቂያ ጽሁፍ፣ የቤተክርስቲያን መዝገብ ዛሬ ላፕቶፕ ላይ ሲከፈት ፊደሉ ጠፍቶ የላቲን ዝብርቅርቅ ይሆናል። የዛን ጊዜውን ፎንት የጫነ አንድ ዊንዶውስ 98 የሚሰራ ማሽን ካለ ግን አማርኛው እንዳለ ይነበባል፣ ፕሪንትም ይደረጋል።

ቤታችሁ ፍሎፒ (የድሮ ፋይል መያዣ ዲስክ) ካለ አትጣሉት። ትንሿ፣ 1.44 ሜጋባይት የምትይዘው፣ ዩኤስቢ ላይ በሚሰካ ፍሎፒ ድራይቭ ትነበባለች፣ ትልቋ ተጣጣፊዋ ግን የራሷን ድራይቭና የድሮ ማሽን ትፈልጋለች። ትንሿን ከመክፈታችሁ በፊት የመቆለፊያዋን ቀዳዳ ክፍት አድርጉ፣ ያኔ በስህተት አይጻፍባትም፣ ከዛ ፋይሉን ሳትነኩ እንዳለ ኮፒ አድርጉና ከፎንቱ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት።