በአይሁድ ልቦለድ ውስጥ አስቸጋሪ ሰውን መጻፍ

ለመውደድም ለመጥላትም የሚያስቸግር ሰው ለአይሁድ ሥነ ጽሑፍ እንግዳ አይደለም። ዳዊትን ሁላችንም እናውቀዋለን። መዝሙር የደረሰው ያው ንጉሥ ቤርሳቤህን ወሰደ፤ ባሏን ኦርዮንን ደግሞ ጦርነቱ የጋለበት ቦታ አሰልፎ አስገደለው። መጽሐፈ ሳሙኤል ይህን ሳይሸፋፍን ጽፎታል።

የኋለኛው ዘመን ደራሲ ግን ሌላ ጣጣ አለበት። የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ በሚናገሩት በዪዲሽ ቋንቋ «ሻንዴ» የሚባል ቃል አለ። ነውር ማለት ነው፤ ባዕድ እያየ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ለዘመናት ስሙ እየጠፋ ሲሳደድ የኖረ ሕዝብ ገመናው አደባባይ ሲወጣ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። በ1978 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመው የዪዲሽ ደራሲ ባሻቪስ ሲንገር እንኳን ሰይጣኑንና ዝሙቱን ታበዛለህ እየተባለ በገዛ ቋንቋው ሰዎች ተወቅሷል።

ትልቅ ቁጣ የተነሳው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። ወጣቱ አሜሪካዊ አይሁዳዊ ደራሲ ፊሊፕ ሮት «የእምነት ጠበቃ» የሚል አጭር ልቦለድ አወጣ። ጊዜው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ግሮስባርት ምልምል ወታደር ነው፤ አለቃው ሳጅን ማርክስም እንደሱ አይሁዳዊ ነው። ልጁ ሃይማኖታቸውን እያነሳ ዛሬ ከጽዳት አስቀረኝ፣ ነገ ፈቃድ ስጠኝ ይላል፤ በመጨረሻም በሌላ አይሁዳዊ በኩል አስማልዶ ወደ ፓስፊክ ከመዝመት ያመልጣል። ረቢዎች፣ ማለትም የአይሁድ የሃይማኖት መሪዎች፣ ተቆጡ፤ ለጠላት ስንቅ አቀበለ አሉ። እኔ አልስማማም። ማርክስ የምደባውን ዝርዝር አስለውጦ ልጁን ወደ ግንባር ያስመልሰዋል፤ ፍትሕ ይሁን ቂም ራሱንም ይጨንቀዋል። ታሪኩ የሚከብደው እዚህ ላይ እንጂ በግሮስባርት ብልጠት አይደለም።

ከሁሉም የምወዳት ገጸ ባሕርይ ግን የአሜሪካዊቷ ደራሲ የሲንቲያ ኦዚክን ሮዛን ነው። ሕፃን ልጇን ማግዳን በናዚ ካምፕ ዓይኗ እያየ ገድለውባታል። ሌላ ደራሲ ቢሆን ቅድስት ያደርጋት ነበር። ኦዚክ ግን ኩራቷን አልነካችባትም። ሮዛ ዪዲሽ ተናጋሪ ድሆችን ትንቃለች፣ ኒው ዮርክ የነበራትን ሱቅ በገዛ እጇ ሰባብራ ማያሚ ገብታለች፣ ለሞተችው ልጇ በፖላንድኛ ደብዳቤ ትጽፋለች። ልብስ ማጠቢያ ቤት ያገኛት ፐርስኪ የሚባል ሽማግሌ ደግ ሲሆንላት እንኳን የውስጥ ሱሪዬን ሰረቀ ብላ ትጠረጥረዋለች። ታበሳጫለች፤ ግን የሆነባትን እያወቅን ፊት ልናዞርባት አንችልም። መጨረሻ ላይ ስልክ ይጮኻል። ፐርስኪ ታች ቆሟል። ወደ እኔ ይምጣ ትላለች፤ ማግዳ ትጠቀለልበት የነበረውንም ሻል ከስልኩ ላይ ታነሳለች።