«ሃይፖ» ምንድን ነው? ከ«ሃይፐር»ስ በምን ይለያል?

የስኳር ሕመም ያለበት ዘመድ ይዞ ደሴ ሐኪም ቤት የተመላለሰ ሰው ሁለት ቃላት ሳይሰማ አይቀርም፦ ሃይፖግላይሴሚያ እና ሃይፐርግላይሴሚያ። ፈጠን ተብሎ ሲነገሩ አንድ ይመስላሉ። ትርጉማቸው ግን ተቃራኒ ነው፤ ሕክምናቸውም እንዲሁ።

«ሃይፖ» ከጥንት ግሪክኛ የመጣ ነው፤ ከሥር፣ ከታች ማለት ነው። «ሃይፐር» ደግሞ ከላይ፣ ከልክ በላይ። ግራ ከገባችሁ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት አስቡ፦ ቁልቁል ወርደን የምናገኛት ኮምቦልቻ ሃይፖ፣ ላይ የቀረችው ደሴ ሃይፐር። ተከትሎ የሚመጣው ቃል የወረደው ወይም የጨመረው ምን እንደሆነ ይነግረናል። «ግላይሴሚያ» ጣፋጭ እና ደም ከሚሉ የግሪክኛ ቃላት የተሠራ ነው፤ የደም ስኳር ማለት ነው።

የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሃይፖተርሚያ ይባላል። ደም ግፊት የምንለው ሃይፐርቴንሽን ነው። ሒሳብ ላይ የተማርነው ሃይፖቴኑስም ከዚሁ ቤት ነው፤ ከዘጠና ዲግሪው ማዕዘን ሥር የተዘረጋው መስመር ማለት ነው። የጉማሬው «ሂፖ» ግን ዘመዳቸው አይደለም። እሱ «ሂፖስ» ከሚለው የመጣ ነው፣ ፈረስ ማለት ነው።

ወደ ስኳሩ እንመለስ፤ ዋናው እሱ ነው። የስኳር ታማሚ የደም ስኳሩ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከወረደ ሃይፖ ነው። ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ይርበዋል። ሲብስ ይዘባርቃል፣ ራሱንም ሊስት ይችላል። መዋጥ ከቻለ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ መለካት ነው። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይሰጠውም፤ በቶሎ ሐኪም ቤት ይወሰድ። እንዲህ ያለውን ሰው «ስኳሩ ጨምሮበት ነው» ብሎ የደም ስኳር የሚያወርደውን መድኃኒት፣ ኢንሱሊንን፣ መውጋት ሊገድለው ይችላል።

ወሎ ውስጥ ሮመዳንም ዐቢይ ጾምም በየቤቱ አለ። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት መቀየር ሊኖርበት ይችላል። ጾም ላይ እያለ ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ደግሞ አፍጥር ወይም ቅዳሴ እስኪወጣ አይጠበቅም። እዚያው ማፍረስ አለበት።