ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፦ ተገልብጦ የሚጠቀስ ተረት

ሰሞኑን ቡና ላይ ክርክር ተነሳ። ሰው በእግዚአብሔር ካመነ ይበቃዋል ወይስ ማምለክም አለበት? መጾሙ፣ መስገዱ፣ ማስቀደሱ ማለት ነው። አንዱ ወዳጄ፣ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው፣ ደረቱን መታ መታ አደረገና «እኔ አምናለሁ፣ እዚህ ውስጥ ነው ያለው፣ የቀረው ለታይታ ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ?» አለ። ክርክሩ በዚህ ተዘጋ። ራሱን የሚነቀንቀው በዛ። እኔን ቡናው ትን ብሎኝ ስለነበር መልስ ሳልሰጥ ቀረሁ፣ ስለዚህ እዚህ ልናገረው።

ጎጃም ተወልዶ፣ ስንት ለቅሶ እያየ ያደገ ሰው ተረቱን እንዲህ ሲገለብጠው ደንቆኛል። አንጀቱ ካለ እንባው ቢቀርም ግድ የለም የሚል ተረት አይደለም። አንጀቱ ካለ እንባው አይቀርም ነው የሚለው። ወዳጄ ለራሱ ብሎ የጠራው ምስክር ለባላጋራው መሰከረ።

የከተማ ለቅሶ ብቻ የሚያውቅ ሰው ይህ ተረት ባይገባው አልፈርድበትም። ድንኳን፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ንፍሮ፣ ጥግ ላይ ካርታ የሚጫወቱ ወንዶች። እኛ ባደግንበት በቢቸና በኩል ግን ለቅሶ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ጥሩምባው ሲነፋ የሰማ ሁሉ በሬውን ፈትቶ ይመጣል። ሴቶቹ ወገባቸውን በመቀነት ጠበቅ አድርገው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይደርሳሉ። ሜዳው ላይ ክብ ይሠራል። የሟቹ ጋቢ፣ ዱላው፣ ጠመንጃ ከነበረውም ጠመንጃው ይወጣል፣ ዘመድ እሱን ይዞ ይዞራል። መሀል አልቃሿ ትቆማለች። አልቃሽ ማለት ቀላል ሰው እንዳትመስላችሁ። የአገሩን የዘር ሐረግ ታውቃለች፣ ማን ከማን ተጣልቶ እንደታረቀ፣ ሟቹ በክፉ ቀን ለማን እህል እንዳበደረ ታውቃለች፣ ያንን ሁሉ በግጥም እያወረደች ሕዝቡ ደረቱን እየደቃ ይቀበላታል። ቄሶቹ ደረት መድቃቱንና ፊት መንጨቱን ይቆጡ ነበር። የሚሰማቸው ግን አልነበረም።

ዳር ላይ ደግሞ አሮጊቶች አሉ። እነሱ አልቅሰው ሲያበቁ ያያሉ። ማን ከልቡ እንዳለቀሰ፣ ማን ነጠላው ውስጥ ተሸፍኖ ዓይኑን በምራቅ እንዳራሰ አንድ ባንድ ይለያሉ። ማታ ቤት ሲገባ ወሬው እሱ ነው።

ልጅ ሆኜ ያየሁት አንድ ለቅሶ ከሁሉም በላይ ትዝ ይለኛል። ባሏ የሞተባት ሴት ዝም ብላ ቆማለች። ዓይኗ ደረቅ ነው። እኛ ልጆቹ እንኳ ነገሩ ገባን፣ ሰው በዓይኑ ይጠቋቆማል። አልቃሿ የሰውየውን ጀግንነት አወረደች፣ ዘሩን ቆጠረች፣ ምንም የለም። ይሄኔ አያቴ ተጠግታ ትከሻዋን ያዝ አደረገቻትና «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» አለቻት። አልቃሿም ገባት መሰለኝ፣ ጀግንነቱን ተወችና ስለ በሬው ማውረድ ጀመረች፤ ማለዳ በስሙ እየጠራው ከበረት ሲያወጣው፣ በሬውም ድምፁን ለይቶ ሲነሳለት፣ ከእንግዲህ ማን እንደሚጠራው። ሴትዮዋ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ የመጣውን ለቅሶ አልነግራችሁም።

ልብ በሉ፣ አያቴ ተረቱን ለወቀሳ አላመጣችውም። ማጽናኛ ነበር። እንባሽ መንገድ ላይ ነው፣ ይመጣል፣ አንቺ ብቻ ከለቅሶው አትውጪ ነው ያለቻት። በእኛ አገር እንባ እንቢ ያለው ሐዘንተኛ ያስፈራል። ውስጥ ለውስጥ ይጎዳዋል ይባላል። «እርምህን አውጣ» እያሉ የሚወተውቱት ለዚህ ነው፣ አልቃሿም የምትለፋው ለዚህ ነው። አንጀቱ እንባውን ያመጣል፣ ሥርዓቱ ደግሞ አንጀቱን ይቆፍረዋል። ባላገሩ ሁለቱን ለያይቶ አያውቅም።

አሁን የራሴን ግምት ልንገራችሁ፣ ማስረጃ አትጠይቁኝ። እኔ ይህ ተረት ለቅሶ ሜዳ ላይ አልተወለደም ባይ ነኝ። ከገዳም ነው የወረደው። መነኮሳት የሚማሯቸው ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ የሚባሉ መጻሕፍት አሉ፣ እነሱ ዘንድ ሀብተ አንብዕ ትልቅ ነገር ነው። ለሚጸልይ ሰው የሚሰጥ የእንባ ጸጋ ማለት ነው። መነኩሴው እንባውን በግድ አያመጣውም። ግን እንባው እስኪመጣ ብሎ ስግደቱን አያቆምም፣ እየሰገደ ነው የሚጠብቀው። ጎጃም ደግሞ ዲማ ጊዮርጊስ ቢሉ፣ ደብረ ወርቅ ቢሉ፣ መርጡለ ማርያም፣ ደብረ ኤልያስ፣ ዋሸራ ቢሉ፣ በዞሩበት ሁሉ ገዳም ወይም ጉባኤ ቤት የማይጠፋበት አገር ነው። የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ «ስለ ማርያም» ሲል ከየኔታ አፍ የሰማትን አንዲት ቃል ጥሎ ይሄዳል፣ የቤቱ እመቤት አንስታ ለራሷ ሐዘን ታውላታለች። አገሩ ቅኔ የለመደ ነው። ሰሙ ለቅሶ፣ ወርቁ ንስሐ ቢሆን ምን ይገርማል? ሱባኤ የሚገቡ እማሆዮችም ጸሎት ደረቀብኝ ለሚላቸው ሰው ይህንኑ ተረት ሲሉ ሰምቻለሁ። ለእኔ ይሄ በቂ ነው።

ወደ ክርክሩ ልመለስ። የጎጃም ገበሬ በቤተ ክርስቲያን ሲያልፍ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ በቅሎ ላይ ከሆነ ወርዶ ይሳለማል። ነሐሴ ላይ፣ በፍልሰታ፣ ዝናቡ ሳያባራ ገሳውን ደርቦ ጭቃውን እየረገጠ ለቅዳሴ ይሄዳል። ዛሬ ንጹሕ አይደለሁም ያለው ደግሞ ከቅጽሩ ውጭ ቆሞ ያስቀድሳል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ይሄኛው ነው። ቤቱ ተኝቶ «እሱ ልቤን ያያል» ማለት ይችል ነበር፣ ሰበቡም ነበረው። ግን መጥቶ ከግንቡ ውጭ ይቆማል። ይህን ሰው «ማምለክ ግዴታ ነው ወይ?» ብትሉት ጥያቄው ራሱ ግራ ያጋባዋል። ባሏን የቀበረች ሴት ማልቀስ ግዴታ ነው ወይ ብላ ትጠይቃለች?

«እግዚአብሔር ልብን ያያል» ያልኩት ነገር፣ እሱም ያለ ቦታው የሚጠቀስ ነው። 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 16 ላይ ነው ያለው፣ ቁጥር 7። እስቲ ከላዩ ጀምራችሁ አንብቡት። ሳሙኤል ቤተ ልሔም የሄደው ጊደር ይዞ ለመሥዋዕት ነው፣ እሴይንና ልጆቹን የጠራቸውም ወደ መሥዋዕቱ ነው። ልብን ያያል የተባለው እዚያው መሥዋዕቱ ላይ ነው። ያዕቆብ ደግሞ በመልእክቱ 2፥19 አጋንንትም ያምናሉ፣ ይንቀጠቀጡማል ይላል። «ማመን ይበቃኛል» የሚል ሰው ከማን ጋር ተሰልፎ እንደቆመ ቢያይ ጥሩ ነው። ሞጣ ያሉ ሙስሊሞችን ብትጠይቁም ኒያ፣ አምልኮ የሚፈጸምበት ሐሳብ ማለት ነው፣ የልብ ነው፣ ግን «ኒያው አለኝ፣ ሶላቱ ይቅርብኝ» የሚል ክርክር ሼኮቹ ፊት አያስኬድም።

ወዳጄን ሙሉ በሙሉ ሐሰተኛ ላደርገው አልፈልግም። የሚሸሸው ነገር አለ። ጾሙን አንድ ቀን ሳያጓድል ሚዛን የሚሰርቅ ነጋዴ፣ ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ ሠራተኛውን የሚያስለቅስ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ኢሳይያስም ምዕራፍ 29 ላይ በከንፈሩ አክብሮ ልቡ የራቀውን ሕዝብ ገሥጿል። ይሄ ያ ዓይኑን በምራቅ የሚያርሰው ሰውዬ ነው። ግን አሮጊቶቹ እሱን አይተው «ከእንግዲህ ለቅሶ ይቅር» አላሉም። ስቀውበት በማግስቱ ሌላ ለቅሶ ሄዱ።

አሁን አሁን ተረቱ የማይገባበት የለም። የማነቃቂያ ንግግር አድራጊዎች ለቢዝነስ አውለውታል፣ ከአንጀት ከሠራህ ብር አይገድም ዓይነት ነገር። እሱስ ያስቃል፣ ይለፍ። የሚያናድደኝ ሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ እንደ ወዳጄ እንባውን ትቶ አንጀት አለኝ የሚለው ነው። ሌላው ደግሞ ተረቱን ዱላ አድርጎ የሚዞር ነው። ቅዳሴ ላይ ማን አለቀሰ፣ ማን አላለቀሰ እያለ ይቆጥራል፣ የራሱን እንባ በስልክ ቀርጾ ይለቅቃል፣ እናቷን ቀብራ ፊቷ የደረቀውን ልጅ «ከአንጀት ብታለቅስማ» ይላታል። ከሁለቱ ይሄኛው ይብሳል። ወዳጄ ሰነፍ ነው እንጂ ክፉ አይደለም፣ የሚቀጥለው ፍልሰታ ላይ ጎትቼ እወስደዋለሁ።